እንግዳው ይጽፋል፣ ባለቤቱ ያነጥፋል፦ በሳንቲያጎ መንገድ የዕለት ኑሮ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ሰሜን ስፔንን አቋርጦ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መካነ መቃብር የሚያመራው የሳንቲያጎ መንገድ ተሳላሚ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊም የማያጣ መንገድ ነው። ብራዚላዊው ፓውሎ ኮኤሎ በ1987 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ጀርመናዊው ኮሜዲያን ሃፔ ኬርኬሊንግ በ2006 አውጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ የተሸጠለት ማስታወሻ፣ ማርቲን ሺን የተወነበት የ2010 ፊልም ከታወቁት ጥቂቶቹ ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ምስጢር ፍለጋ ነው፤ ሌላው በቀልድ የተዋዛ ነው፤ ሦስተኛው የልጁን ሞት የተረዳ አባት ሐዘን ነው። በሦስቱም ውስጥ ግን ታሪኩን የሚያወራው ተጓዡ ነው። ጀርባው የተሸከመው ሻንጣ፣ እግሩ የቋጠረው ውሃ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የተጎነጨው ወይን በዝርዝር ይነገረናል። ወይኑን የቀዳው፣ አልጋውን ያሰናዳው፣ መታጠቢያ ቤቱን የፈተገው ሰው ብቅ ቢል እንኳ ደግ ወይም ቁጡ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው። ተጓዦች «መንገዱ ሰጠኝ» የሚሉት የዕለት ኑሮ መንገዱ የሰጣቸው አይደለም፤ ሰዎች ሠርተው ያቀረቡላቸው ነው። ስለ መንፈሳዊ ጉዞ የሚጻፈው ሂስም የተጓዡን ድምፅ እየተከተለ፣ ተጓዡ ያላየውን ሳያይ ቀርቷል።

ነገሩን ከቀኑ ውሎ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚይዘው «የፈረንሳይ መንገድ» የተባለው መሥመር ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በእግር ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ማረፊያው አልቤርጌ ይባላል፤ ተደራራቢ አልጋ የተደረደረበት የጋራ መኝታ ቤት ነው። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት መንኮሻኮሽ ይሰማል፤ የግንባር መብራት ጣሪያው ላይ ይሯሯጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋው ሰውዬ ብቻ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ተጓዡ ጣቶቹን ቫዝሊን ይቀባል፣ ውሃ የቋጠረውን ተረከዝ በመርፌና ክር አፍስሶ ካልሲውን ያጠልቃል፣ ከዚያ ይወጣል። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሲደርስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ መደርደሪያ ላይ ያኖራል፤ የተሳላሚነት ደብተሩን አስመትቶ አልጋ ይይዛል፤ ይታጠባል፤ የቀኑን ካናቴራና ካልሲ በእጁ አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣል። ሳይደርቅለት የቀረውን ካልሲ በማግስቱ ሻንጣው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቶ እየሄደ ያደርቀዋል። ማታ «የተሳላሚ ምግብ» የሚባለውን ቁርጥ ዋጋ ያለው እራት ይበላል፤ ሾርባ ወይም ፓስታ፣ ሥጋ ከድንች ጥብስ ጋር፣ ወይን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል።

ይህን ውሎ ያልጻፈ የመንገዱ ጸሐፊ የለም ማለት ይቻላል። የማይጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 እና 8 ሰዓት ድረስ አልቤርጌው ውስጥ የሚሆነው ነው። በአብዛኞቹ ማረፊያዎች ደንብ ተሳላሚ ከ2 ሰዓት በፊት ለቅቆ መውጣት አለበት፤ ካልታመመ በቀር ሁለተኛ ሌሊት አያድርም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወለሉ ይጠረጋል፣ ሽንት ቤቱ ይታጠባል፣ ፍራሹ እየተገለበጠ በስፌቱ ጥግ ትኋን ይፈለጋል፣ የተረሳ ፎጣና የስልክ ቻርጀር ይለቀማል፣ ለማታ የሚሆነው ምስር ወይም ሽንብራ ይገዛል። እንግዳው ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ይህ የተጓዡ ግድየለሽነት ብቻ አይደለም። ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ጸሐፊው የግድ መንገድ ላይ ነው፤ እርሱ ሲደርስ ደግሞ ሥራው ተሠርቶ ዱካው ጠፍቷል። የጉዞ ማስታወሻው ዓይነ ስውርነት ከጊዜ ሰሌዳው የመጣ ነው ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ቅን ልብ ያለው ተጓዥም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ጥያቄው እየተወሳሰበ ይመጣል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጠናቀረው፣ በሳንቲያጎ ካቴድራል የሚገኘው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ አምስተኛ መጽሐፉ የተሳላሚዎች መመሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤመሪ ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ እንደጻፈው ይነገራል። መመሪያው ውሃውን በጥንቃቄ ይዘረዝራል፤ የቱ ወንዝ ይጠጣል፣ የቱ ይገድላል። ሎርካ አጠገብ ባለው የጨው ወንዝ ዳር ሁለት ናቫራውያን ቢላዋቸውን እየሳሉ ተቀምጠው፣ ውሃው ደኅና ነው ብለው ካስጠጡ በኋላ የሞቱትን ፈረሶች እንደገፈፉ ይተርካል። ጀልባ እስኪያዘነብል ሰው የሚጭኑ አሻጋሪዎችን ይራገማል። የናቫራ ሰዎችን አበላልና አለባበስ ሲገልጽ የሚጠቀመው ቃል ዛሬ ቢታተም ያስከስሳል። በዚህ መጽሐፍ የገጠሩ ሰው ወንበዴ ነው ወይም አገልጋይ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ አልተሰጠውም።

የበለጠ የሚያስገርመው መዝጊያ ምዕራፉ ነው። ተሳላሚ እንዴት ሊስተናገድ እንደሚገባው የሚናገረው በማስፈራራት ነው። ናንቱዋ በምትባል ከተማ አንድ ሸማኔ ለተሳላሚ እንጀራ ቢነፍግ ጨርቁ መሐል ለመሐል ተቀዶ መሬት ወደቀ። ቪልኔቭ ውስጥ ዳቦዋን ከረመጥ ሥር ቀብራ የለኝም ያለች ሴት፣ ተሳላሚው ከሄደ በኋላ ብታወጣው ክብ ድንጋይ ሆኖ አገኘችው። በፑዋቲዬ መንገደኞችን ከደጃቸው የመለሱ ቤቶች በዚያው ሌሊት ተቃጠሉ፤ ያሳደራቸው ቤት ብቻ ተረፈ። ትረካዎቹ የእግዚአብሔርን ፍርድ ለማሳየት የቀረቡ ናቸው። ከባለቤቶቹ ወገን ሆኖ ለሚያነባቸው ግን ሌላ ነገር ይወጣቸዋል። እምቢ ማለት ባይበዛ ይህ ሁሉ ዛቻ ባላስፈለገ ነበር። ሸማኔው ሥራ ይዟል። ሴትየዋ ያላት ያው አንድ ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ቀን ከእርሱ በፊት ስንት መንገደኛ ደጇን እንዳንኳኳ መመሪያው አይጠይቅም። ደራሲው በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ድሃም ሆነ ባለጠጋ ተሳላሚ በፍቅር መቀበል እንዳለበት ሲያውጅ የሚናገረው ሕግ ሳይሆን ልመና ነው፤ ልመናው ደግሞ ዱላ ይዟል።

የባለቤቱ ወገን ጨርሶ አልጻፈም ማለት ግን አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን የተገጠመ አንድ የውዳሴ ግጥም ከፒሬኔ ማዶ ያለውን የሮንሴስቫዬስን የእንግዳ ማረፊያ ያወድሳል። በሩ ለታማሚም ለጤነኛም፣ ለክርስቲያንም ላልሆነውም ክፍት መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም ወደ ዝርዝሩ ይገባል። እግር ይታጠባል፣ ጺም ይላጫል፣ ፀጉር ይቆረጣል፣ የተቀደደ ጫማ ይጠገናል፣ ሕሙማንን ሴቶች ያስታምማሉ። እንደ ግጥም ላይመሰገን ይችላል። እንደ ሰነድ ግን እኔ ከዘመናዊዎቹ ማስታወሻዎች አስበልጠዋለሁ፤ ሥራን በስሙ ይጠራልና። ውዳሴው ስጦታ ለመሳብ የታሰበ ቢሆን እንኳ ዋጋውን አይቀንሰውም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። ከሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያርፉ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል እስከ ሳንቲያጎ የዘለቁ ነበሩ። ከዚህ ይልቅ የሚያቀራርበን ግን «መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ» ለሚል መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል መልስ ያለበት ባህል ነው። ለገናም ወደ ላሊበላ፣ ለመስከረም 21ም ወደ ግሸን ማርያም በሶውን በስልቻ፣ ጋቢውን በትከሻ አድርጎ የሚጓዘው ገበሬ ከስንቁ እኩል የሚተማመነው በዚህ መልስ ነው። የእኛ ገድላት ደግሞ ከኮዴክሱ በተለየ መንገድ ይሄዳሉ። በገድሉ ማብቂያ ላይ ቅዱሱ የሚቀበለው ቃል ኪዳን በስሙ ለተራበ ላበላ፣ ለተጠማ ላጠጣ ምሕረትን ይሰጣል፤ በላዔ ሰብእም የዳነው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። አንዱ በእሳት ያስፈራራል፣ ሌላው በዋጋ ያባብላል። ሁለቱም ግን የሚያውቁት አንድ ሐቅ አለ፤ ማስተናገድ ከባድ ሥራ ነው፣ ያለ ማነሣሻም አይዘልቅም። ላሊበላ ላይ ደጅ ወጥተው የተሳላሚን እግር የሚያጥቡ ነዋሪዎች ይህን ሥራ አደባባይ ያወጡታል። ቢሆንም ስንት ሌሊት ፈጭታ፣ ስንት ምጣድ ጋግራ ያንን ሁሉ እንግዳ እንዳበላች የምትናገር የባለቤቲቱ ገድል እስካሁን አልተጻፈም።

ዘመናዊው ጥናት እዚህ ላይ ያግዘናል ብለን ብንጠብቅ የምናገኘው ግማሽ ነው። ቪክቶርና ኢዲት ተርነር በ1978 ባሳተሙት የክርስቲያን ንግደት ጥናት፣ ተሳላሚ ከተለመደው ማዕረጉ ወጥቶ ከሌሎች ጋር በእኩልነት የሚዋሐድበትን ሁኔታ «ኮሙኒታስ» በሚል ቃል ገለጹ። ሐሳቡ ተስፋፋ፤ በሳንቲያጎ መንገድ ላይ ሐኪሙና አናጢው አንድ ድስት ሲካፈሉ በታዩ ቁጥር ነገሩ በዚህ ቃል ይተረጎም ጀመር። ጆን ኢድና ማይክል ሳልኖ በ1991 ባዘጋጁት መድበል ግን ቅዱስ ስፍራ የስምምነት ሳይሆን የፉክክር መድረክ መሆኑን አሳዩ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸው ያረፈው በተሳላሚውና በመቅደሱ ላይ ነው። በድስቱ ዙሪያ ያለው እኩልነት የእንግዶች እኩልነት ነው። ድስቱን የሚያጥበው ሰው ዙሪያው ውስጥ አልተቆጠረም። ናንሲ ፍሬይ በ1998 ባወጣችው የመስክ ጥናት ለአስተናጋጆቹ የተሻለ ቦታ ሰጥታለች፤ የመጽሐፏ ክብደት ግን አሁንም በተጓዡ ላይ፣ በተለይም ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

መንገዱን ዛሬ ባለበት መልክ ካስገኙት ሰዎች ዋነኛው ራሱ ባለቤት እንጂ እንግዳ አልነበረም። ኤሊያስ ባሊኛ በጋሊሲያ ተራራ አናት ላይ ያለችው የኦ ሴብሬይሮ ቄስ ነበር። ስለ መንገዱ የዶክትሬት ጥናት ጽፏል፤ በ1984 ግን ብዕሩን አስቀምጦ ቢጫ ቀለም ይዞ ወጣ፤ በዛፍ፣ በድንጋይና በግድግዳ ላይ ቀስት እየቀባ መሥመሩን አመለከተ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1987 መንገዱን የመጀመሪያው የባህል መሥመር አድርጎ አወጀው፤ ዩኔስኮ በ1993 የስፔኑን ክፍል በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ2024 ሳንቲያጎ ደርሰው የተመዘገቡት ተሳላሚዎች ግማሽ ሚሊዮን ሊሞሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ይህ ቁጥር በገጠሩ ላይ የሚያርፈው እኩል ሆኖ አይደለም። ወጣቱ ወደ ከተማ በፈለሰባት በሜሴታ ሜዳ፣ ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ እስከ ካልሳዲያ ደ ላ ኩዌሳ ባለው 17 ኪሎ ሜትር አንድም መንደር የለም። የቦሎኛው ቄስ ዶሜኒኮ ላፊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ሜዳ ላይ፣ ኤል ቡርጎ ራኔሮ ሳይደርስ፣ ተኩላዎች የሚበሉት የተሳላሚ ሬሳ አግኝቷል። ዛሬ ተኩላው ቀርቶ ቡና ቤት አለ፤ ቡና ቤቱ ደግሞ በተሳላሚ ገንዘብ ይኖራል። ነዋሪ አልባ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት የነበረችው የፎንሴባዶን መንደር ፍርስራሿ መካከል አልቤርጌዎች ተከፍተው ነፍስ ዘርታለች። በሌላው ጫፍ፣ ሳንቲያጎ ላይ ለተሳላሚ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በእግር ለሚመጣ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መሄድን ስለሚጠይቅ፣ ከሳሪያ ከተማ እስከ ሳንቲያጎ ያለው ክፍል በሕዝብ ይጨናነቃል። የስፔን ፖስታ ቤት ሳይቀር ሻንጣ ከማረፊያ ማረፊያ ያመላልሳል። ሻንጣውን የሚልከው «እውነተኛ ተሳላሚ» ነው ወይስ ቱሪስት የሚለው ክርክር በየራት ገበታው አያልቅም። እኔ ግን ክርክሩ ያለቦታው የገባ ይመስለኛል። ለአልጋ አንጣፊዋ ሻንጣ ያዘለውም ያላዘለውም የሚያስቆጥራት አንሶላ ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል በአንድ ነገር ላይ እወላውላለሁ፤ በበጎ ፈቃደኛ አስተናጋጆቹ ላይ። ኦስፒታሌሮ የሚባሉት እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ቀድሞ የሄዱ ናቸው፤ ሥልጠና ወስደው ብዙ ጊዜ ለ15 ቀን ያህል ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ግራኞን ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ውስጥ ተሳላሚ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛል፤ በሩ አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ ሣጥን አለ፤ የሚችል ይጨምርበታል፣ የቸገረው ይወስድበታል። የትናንቱ ሰው የተወው ገንዘብ የዛሬውን እራት ይገዛል። እዚህ እንግዳና ባለቤት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መከራከሪያዬም በከፊል ይላላል። ይሁንና ልውውጡ የሚዘልቀው የእረፍት ጊዜ ላለውና ለዚያ የሚበቃ ኑሮ ላለው ነው። ለአንድ የሥራ ወቅት ተቀጥራ የግል አልቤርጌ የምታጸዳዋ ሴት የሚቀጥለውን ዓመት ተሳላሚ ሆና የምትመጣበት ዕድል ጠባብ ነው። ሣጥኑንም ቢሆን ብዙ ሰው በነጻ የማደር ፈቃድ አድርጎ ያነበዋል፤ ሳንቲም ሳይጥል ያለፈ ተጓዥ ያንን ዋጋ ማን እንደከፈለለት በማስታወሻው አይጽፍም።

እንግዲህ ተመራማሪ የባለቤቱን ድምፅ ከየት ይፈልግ? አንዱ ምንጭ የተሳላሚው ኪስ ውስጥ ነው። በየማረፊያው፣ በየቡና ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ የተመታበት የተሳላሚነት ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የባለቤቶች ጽሑፍ ነው። ቀኑን የሚጽፈው፣ ማኅተሙን የሚመርጠው፣ አንዳንዴም ዳር ላይ አንድ ቃል የሚጨምረው ባለቤቱ ነው። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት በቀን ሁለት ማኅተም የሚጠየቀውም የተጓዡ ቃል ብቻውን ስለማይታመን ነው። በሳንቲያጎ የተሳላሚዎች ቢሮ ይህን ሁሉ ማኅተም አገላብጦ አይቶ የሚሰጠው ወረቀት ላይ በላቲን የሚጻፈው የተጓዡ ስም ነው፤ ደብተሩ ለተጓዡ ተመልሶ ወደ መሳቢያ ይገባል። በመዝገብ ቤት የተሰበሰቡ ደብተሮች ላይ ማኅተሞቹን እንጂ ተጓዡን ያልተከተለ ጥናት እስካሁን አላነበብኩም።