ስለ ፋንቲን ውድቀት

የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» (እ.ኤ.አ. 1862) ያነበቡ ወጣቶች፥ ፋንቲንን የጣላት የከዳት ወዳጇ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። እርሱ ከተዋት በኋላም በፋብሪካ እየሠራች የልጇን ቀለብ ትልክ ነበር። ሐሜት ከሥራ ቢያስወጣትም ሸሚዝ እየሰፋች ኖረች። ጠጕሯን በ10፥ ሁለት የፊት ጥርሶቿን በ40 ፍራንክ ሸጠች። ኋላ የወህኒ ቤት ሥራ ተቋራጭ እስረኞችን በርካሽ ቢያሠራ የስፌት ዋጋ ወደቀ፤ የ17 ሰዓት ድካሟ 9 ሱ ሆነ፤ ሱ የፍራንክ ሃያኛ እጅ ነው። ልጇን የያዙት ደግሞ 100 ፍራንክ ላኪ አሏት። የቀራት ገላዋ ነበር።

ደራሲውን የምነቅፈው እዚህ ላይ ነው። ጠጕሯን የገዛውን ፀጕር አስተካካይ፥ ጥርሷን የገዛውን ጥርስ ነቃይ አሳየን፤ በረዶ በጀርባዋ የከተተውን ሥራ ፈት እንኳ አልተወም፤ እርሱ ግን ሰዳቢ እንጂ ገዢ አይደለም። ገላዋን የገዛው ማን ነበር? ሚስት ነበረችውን? ደመወዙስ ጐድሎበት ነበርን?