በጡብና በጡብ መሃል

ወደ ኔዘርላንድሷ ዩትሬክት ከተማ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ የዶም ቤተ ክርስቲያንን ማማ ያያል። 112 ሜትር ስለሆነ አይፈረድበትም። እኔ ግንበኛ ነኝና ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታች፣ ወደ አውደኽራኽት ቦይ ነው። ውሃው ከመንገዱ ብዙ ዝቅ ይላል። በዳሩ ጠበብ ያለ የጭነት ማራገፊያ አለ፤ ከማራገፊያው ደግሞ በመንገዱ ሥር አልፎ እስከ ቤቱ የሚዘልቅ ቅስት ምድር ቤት። በመካከለኛው ዘመን ነጋዴው ከጀልባ ያወረደውን በርሜል መንገድ ሳይወጣ እያንከባለለ ያስገባ ነበር።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከነዚህ ምድር ቤቶች በአንዱ የጡቡ መጋጠሚያ ተቦርቡሮ አገኘሁና በሲሚንቶ ደፈንኩት። አምሮብኝ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። የብርዱ ወራት ሲያልፍ ሲሚንቶው እንዳለ አለ፤ የጡቡ ፊት ግን እንደ ሽንኩርት ተልጦ ወለሉ ላይ ቀይ ዱቄት ተከምሯል።

አለቃዬ አልተቆጣኝም። መሮና ትንሽ መዶሻ ሰጥቶኝ፣ «በማሽን እንዳትነካው» ብሎኝ ሄደ። ሁለት ሳምንት ስፈለፍል ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጡብ ውሃ ይጠጣል። የድሮው ኖራ ከጡቡ ለስለስ ስለሚል እርጥበቱ በእሱ በኩል ይወጣል፤ የሚያልቀውም እሱ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ጡቡን ይሰነጥቃል። እንደ እኔ ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ማወቅ ነበረበት፤ የፋሲል ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማውን የማነበው በመጋጠሚያው ነው። በጥፍሬ ስጭረው ከፈረፈረና ነጫጭ የኖራ ጓል ካየሁበት አሮጌ ነው እላለሁ፤ ጡቡም ትልልቅ ከሆነ ይበልጥ አምናለሁ። ብዙ ሰው ጌጥ የሚመስለው የግድግዳው ጥቁር ብረት የወለሉን ተሸካሚ እንጨት ከፊቱ ግንብ ጋር አስሮ የያዘ ነው።

ማማውም ቢሆን ታሪኩ መሬት ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1321 እስከ 1382 ተሠራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ያገናኘው የነበረው አዳራሽ ግን ገንዘብ አጥሮ የግድግዳው ድጋፍ ሳይሟላለት ቀርቶ ነበርና ነሐሴ 1 ቀን 1674 አውሎ ነፋስ ጣለው። ፍርስራሹ ከመቶ ዓመት በላይ ተጋድሞ ኖረ። ዛሬ አምዶቹ የቆሙበት ቦታ በንጣፉ ድንጋይ ቀለም ይለያል፤ ብስክሌተኛው ሁሉ በላዩ ያልፋል።

እኔ ብርዱ በወጣ ቁጥር ወደዚያች ምድር ቤት እወርዳለሁ። ከግድግዳው በፊት ወለሉን በመዳፌ እዳብሳለሁ።