የሳይክሎን የኋላ ወንበር

ብሩክሊን፣ ኮኒ አይላንድ ያለው ሳይክሎን እ.ኤ.አ. በ1927 ሥራ የጀመረ ሮለርኮስተር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚበልጡት ስንቶች ተሠርተዋል፤ እኔ ግን አሁንም ለእሱ አደላለሁ። ሐዲዱ በእንጨት ንብርብር ላይ የተነጠፈ ስለሆነ ያንገጫግጫል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ያላትማል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 በቅርስነት መዝግባዋለች።

ባቡሩ ሞተር የለውም። ሰንሰለት ጎትቶ ጫፍ ያደርሰዋል፤ የቀረው የስበት ሥራ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ጥርስ ድምፅ ነው። ሰዉን የሚያስፈራው ጠባቂው መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ጫፉ ላይ አትላንቲክ ይታያል (ዓይኑን ለገለጠ)። ከዚያ 26 ሜትር ቁልቁል!

የሚያውቁበት የኋላውን ወንበር ይመርጣሉ። የፊተኞቹ ጫፉን አልፈው ለአፍታ ይንጠለጠላሉ፤ የኋለኛው ግን ገና ጫፉ ላይ ሳይደርስ በፊተኞቹ ክብደት ተስቦ ይወረወራል፣ ከመቀመጫውም ብድግ ይላል። ወረፋውን የምታስረሳው ልብ ስንጥቅ የምትልባት ያቺ ቅጽበት ናት። መጨረሻ ላይ ባቡሩን የሚያቆመው ኮምፒውተር አይደለም፤ ረጅም የፍሬን ዘንግ በእጁ የሚስብ ሠራተኛ ነው።