በክብር መውጣት፦ የፊንላንድ ርዕሳነ ብሔር ከሥልጣን የተሰናበቱበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1940 ምሽት በሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ የክብር ዘብ ተሰልፏል፤ የሙዚቃ ጓዱ ማርሽ ያሰማል፤ ሕዝቡም አንድ የታመሙ ሽማግሌ ሊሸኝ ቆሟል። የ67 ዓመቱ ኪዮስቲ ካሊዮ ጤናቸው ስለታወከ ፕሬዚዳንትነቱን ለቀው ወደ ኒቫላ፣ ወደ እርሻቸው መመለሳቸው ነበር። ወደ ባቡሩ ሲያመሩ ልባቸው ከዳቸውና እዚያው ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ሕይወታቸውም አለፈ። ማርሻል ማነርሃይም በአጠገባቸው ነበሩ። በዚያው ዕለት መራጮች ተሰብስበው ሪስቶ ሪቲን ተተኪ አድርገው መርጠዋል። አገሪቱ በአንድ ቀን ውስጥ አንዱን ርዕሰ ብሔር ሾማ ሌላውን በሞት ተሰናበተች።

ስለ መሪዎች ሲጻፍ ብዙው ቀለም የሚፈሰው በአመጣጣቸው ላይ ነው። ማን መረጣቸው፣ ማንን አሸነፉ፣ ምን ቃል ገቡ? ይህ ዳሰሳ በሌላኛው በር፣ በመውጫው በኩል ይቆማል። ፊንላንድ ከ1919 ጀምሮ 13 ፕሬዚዳንቶች ነበሯት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የነዚህን ሰዎች ታሪክ ከመሰናበቻቸው አንጻር ስናነበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ሕገ መንግሥቱ ለርዕሰ ብሔሩ ሰፊ ሥልጣን ሲሰጥ ሥልጣኑ መቼ እንደሚያበቃ ለመወሰን ግን ከ70 ዓመት በላይ ዘግይቷል። በዚህ መካከል ጥያቄውን የመለሰው የየሰዉ ጠባይ ነበር። ሪፐብሊኩ የጸናውም፣ አንድ ዘመን ላይ የተፈተነውም በዚሁ ነው።

ዘውድ የሌለው ንጉሥ

ፊንላንድ ከ1809 ጀምሮ በሩሲያ ዛር ሥር ያለች ታላቅ መስፍንነት ነበረች። ነጻነቷን ዲሴምበር 6 ቀን 1917 አወጀች። ወዲያው በ1918 መጀመሪያ ነጮችና ቀዮች ተብለው የተከፈሉ ልጆቿ እርስ በርስ ተዋጉ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ያሸነፉት ነጮች አገሪቱን በመጀመሪያ በእንደራሴ አስተዳደሩ። ፔር ኤቪንድ ስቪንሁቩድ፣ ቀጥሎም ካርል ጉስታፍ ማነርሃይም በእንደራሴነት ተቀመጡ። ምክር ቤቱ በጥቅምት 1918 ጀርመናዊውን የሄሰን ልዑል ፍሬድሪክ ካርልን ንጉሥ አድርጎ መረጠ። ጀርመን በኅዳር ስትሸነፍ ግን የንጉሡ ነገር ከሰመ፤ ልዑሉም የፊንላንድን ምድር ሳይረግጡ ዘውዱን ተዉት።

በሐምሌ 1919 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዚህ ሙግት ዕርቅ ነው። ሪፐብሊክ የፈለጉት ስሙን አገኙ፤ ንጉሥ የፈለጉት ደግሞ የሥልጣኑን ክብደት። ፕሬዚዳንቱ የውጭ ጉዳይን ይመራል፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው፣ መንግሥት ይሾማል፣ ምክር ቤት ይበትናል፣ ይቅርታ ያደርጋል። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። በ1995 ሕገ መንግሥታችን መሠረት የእኛም ርዕሰ ብሔር የሥራ ዘመን 6 ዓመት ነው፤ ሥልጣኑ ግን በአመዛኙ ሥነ ሥርዓታዊ ነው። የፊንላንዱ መንበር ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። የዘመኑ ርዝመት 6 ዓመት ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል ግን አልተጻፈም።

የመጀመሪያው አርአያ

ምክር ቤቱ ሐምሌ 25 ቀን 1919 የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ሲመርጥ የጦር ጀግናው ማነርሃይም 50 ድምፅ፣ የሕግ ሊቁ ካርሎ ዩሆ ስቶልበርግ 143 ድምፅ አገኙ። ስቶልበርግ የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ ነበሩ። ሰፊውን ሥልጣን በእጃቸው ጽፈው በእጃቸው ሲረከቡት የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት የእርስ በርስ ጦርነቱን ቁስል ማዳን ነው። ለብዙ ቀይ እስረኞች ይቅርታ አደረጉ። በ1925 የስድስት ዓመት ዘመናቸው ሲያበቃ ደግሞ ዳግም ለመመረጥ ፈቃደኛ አልሆኑም። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ ሽንፈትም አልገፋቸውም።

የዚህ ምርጫቸው ዋጋ የታየው ቆይቶ ነው። በጥቅምት 1930 የላፑዋ ንቅናቄ የተባለው የቀኝ አክራሪ ቡድን ሰዎች ስቶልበርግን ከነባለቤታቸው አፍነው በሶቪየት ድንበር አቅጣጫ እስከ ዮኤንሱ ወሰዷቸው። አገሩ ደነገጠ። የንቅናቄው ክብር መሟሸሽ የጀመረው ከዚያ ነው። ኃይለኞቹ የደፈሩት ያለ ዘብ የሚኖር ተራ ዜጋ ነበርና ድርጊቱ ነውር ሆኖ ታየ።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ላውሪ ክሪስቲያን ሬላንደር በብዙ የውጭ ጉብኝታቸው ይታወሳሉ፤ እሳቸውም ከአንድ ዘመን አላለፉም። በ1931 ስቪንሁቩድ ስቶልበርግን በ151 ለ149 የመራጮች ድምፅ አሸነፉ። ስቪንሁቩድ በዛር ዘመን ለሕግ ልዕልና ሲሉ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ ዳኛ ናቸው፤ ወደ ሥልጣን የመጡት ግን በቀኝ ክንፉ ድጋፍ ነው። በየካቲት 1932 ማብቂያ የላፑዋ ታጣቂዎች በማንትሳላ ሲያምፁ ስቪንሁቩድ ደጋፊዎቻቸው የነበሩትን ሰዎች በራዲዮ አነጋገሩና ወደ ቤታችሁ ግቡ አሏቸው። ተራው ሰው ተበተነ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ቀኝ ክንፉን ሊገራ የቻለው ቀኝ ክንፉ ያመናቸው ሰው ሆነ። ሶሻል ዴሞክራቶችን ወደ መንግሥት ለማስገባት ግን እምቢ ስላሉ በ1937 መንበሩን አጡ፤ በቦታቸው የመጡት ካሊዮ በሩን ከፈቱ። በ1918 በጠመንጃ የተፋለሙት ወገኖች የክረምቱ ጦርነት ሲመጣ በአንድ ጉድጓድ የተዋጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፊርማና መሥዋዕት

የክረምቱ ጦርነት የጀመረው ሶቪየት ኅብረት ኅዳር 30 ቀን 1939 ፊንላንድን ስትወር ነው። ከ105 ቀናት ውጊያ በኋላ በመጋቢት 1940 ፊንላንድ ካሬሊያን አስረክባ ሰላም ገዛች። ለውሉ ፈቃድ የሰጠው የካሊዮ እጅ ነው፤ ይህን እንዲፈርም የተገደደ እጅ ይድረቅ ማለታቸው ይነገራል። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደም ዝውውር መታወክ ቀኝ እጃቸውን ሽባ አደረገው። ሕዝቡ ሁለቱን ነገር አያይዞ ያስታውሳል። ሐኪም ላይቀበለው ይችላል፤ ታሪክ ግን ሕዝብ የመሪውን ሐዘን እንዴት እንደ ራሱ ሐዘን እንደቆጠረው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለውም።

ከሁሉም የከበደው መሰናበቻ የሪስቶ ሪቲ ነው። የባንክ ገዥ የነበሩት ሪቲ አገሪቱ ከጀርመን ጎን ተሰልፋ በተዋጋችበት ጊዜ መሩ። በሰኔ 1944 የሶቪየት ጦር በካሬሊያ በኩል ጥሶ ሲገባ ፊንላንድ የጀርመን ጦር መሣሪያ በእጅጉ አስፈለጋት። ጀርመኖች ደግሞ ብቻዋን ሰላም እንዳታደርግ ቃል ኪዳን ጠየቁ። ምክር ቤቱን የሚያስር ውል መፈረም የአገሪቱን መውጫ መዝጋት ነበር። ስለዚህ ሪቲ ሰኔ 26 በራሳቸው ስም ብቻ ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔ ፕሬዚዳንት እስከሆንኩ ድረስ የሾምኩት መንግሥት ተናጥል ሰላም አያደርግም የሚል። መሣሪያው መጣ፤ ግንባሩ ጸና። ነሐሴ 1 ሪቲ ሥልጣን ለቀቁ። ቃሉም ከሰውዬው ጋር ወጣ። ምክር ቤቱ ነሐሴ 4 ቀን በልዩ ሕግ የ77 ዓመቱን ማነርሃይምን ሾመ፤ መስከረም 19 በሞስኮ የጦርነት ማቆሚያ ውል ተፈረመ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ሹመትን በጥቅም ይለካል፤ መሻርንም የቁጭት ሰዓት ያደርገዋል። በሪቲ ታሪክ ላይ ይህ ሚዛን አይሠራም። የሹመታቸው ትልቁ ጥቅም መሻራቸው ነበር፤ ጥቅሙም ለራሳቸው አልነበረም። በጦርነቱ ተጠያቂነት ችሎት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ በሚሠራ ሕግ፣ በየካቲት 1946 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ1949 ፕሬዚዳንት ፓሲኪቪ ይቅርታ አደረጉላቸው። ከጀርመን ጋር መሰለፍ የፈጠረውን የሞራል ዕዳ ይህ መሥዋዕትነት አይሰርዘውም። አንድ ሰው ስሙን ለአገር መውጫ በር አድርጎ መስጠቱ ግን በራሱ ሊመዘን ይገባዋል። ማነርሃይምም ጦርነቱን ዘግተው በመጋቢት 1946 በሕመም ምክንያት ለቀቁ።

መውጫው የጠፋበት ዘመን

ዩሆ ኩስቲ ፓሲኪቪ በ1920 በታርቱ፣ በ1939ና በ1940 በሞስኮ ከሶቪየቶች ጋር የተደራደሩ ሰው ናቸው። ጎረቤት አይመረጥም፤ ስለዚህ የጎረቤቱን የጸጥታ ስጋት አውቆ ነጻነትን መጠበቅ ይሻላል የሚለውን መርሕ ተከሉ። በ1948 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል የተፈረመው በእሳቸው ዘመን ነው። በ1956 ሲሰናበቱ መንበሩን የተረከቡት ኡርሆ ኬኮነን ካርል አውግስት ፋገርሆልምን ያሸነፉት እንደገና በ151 ለ149 ነው። በሁለት ድምፅ የገቡት ሰው ከ25 ዓመት በላይ ቆዩ።

የኬኮነን ችሎታ የማይካድ ነው። በ1975 የ35 አገሮች መሪዎች በሄልሲንኪ የአውሮፓን የጸጥታና የትብብር ሰነድ የፈረሙት በእሳቸው አስተናጋጅነት ነው። አገሪቱ ገለልተኛ፣ ነጻና እየበለጸገች የምትሄድ ሆና ቆየች። ዳሩ ግን የውጭ ፖሊሲው ቀስ በቀስ ከአንድ ሰው ጋር ተጣበቀ። በጥቅምት 1961 ሞስኮ ወታደራዊ ምክክር የሚጠይቅ ማስታወሻ ላከች። ኬኮነን ኖቮሲቢርስክ ድረስ ሄደው ክሩሽቾቭን አነጋገሩ፤ ውጥረቱ ረገበ፤ ዋናው ተፎካካሪ ኦላቪ ሆንካም ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። ማስታወሻው የተላከው ኬኮነንን ለመርዳት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጥር 1973 ደግሞ ምክር ቤቱ በ170 ለ28 ድምፅ፣ ያለ ምርጫ፣ የኬኮነንን ዘመን በአራት ዓመት የሚያራዝም ልዩ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ ከምዕራብ አውሮፓ ጋር ለሚደረገው የንግድ ስምምነት የሞስኮን አመኔታ መጠበቅ የሚል ነበር።

ከኬኮነን በቀር ይህን ሸክም የሚችል የለም የሚለው ሙግት ጠንካራ የሚመስለው ሊፈተን ስለማይችል ነው። ሌላ ሰው እንዳይሞክር በሩ ከተዘጋ፣ ሌላ ሰው እንደማይችል በምን ይታወቃል? ጋዜጦች ስለ ምሥራቁ ጎረቤት ሲጽፉ ቃላቸውን ይመርጡ ነበር፤ ፖለቲከኞች የወደፊት ዕጣቸውን ከፕሬዚዳንቱ ፊት ያነቡ ነበር። ይህ ዋጋ በየትኛውም የንግድ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ፈተናው የመጣው ሳይጠሩት ነው። በ1981 ጸደይ ኬኮነን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማውኖ ኮይቪስቶን ለማሰናበት ሞከሩ። ኮይቪስቶ መንግሥታቸው የሚቆመው በምክር ቤቱ አመኔታ ላይ መሆኑን አስታውሰው አልለቅም አሉ። በዚያው ዓመት መስከረም የ81 ዓመቱ ፕሬዚዳንት በሕመም ሥራ አቆሙ፤ በጥቅምት መልቀቂያቸው ተገለጸ። ኮይቪስቶ ተክተው ሠሩ፤ በጥር 1982 ተመረጡ። ሞስኮ አልተነሳችም፤ ድንበሩም አልተናወጠም። የማይተካ የተባለው ሰው ሲተካ አገሪቱ ቆማ ተገኘች። ሩብ ምዕተ ዓመት ያስተዳደረ ሙግት በአንድ ክረምት ፈረሰ።

በሩን ሕግ ሲከፍተው

በቱርኩ ወደብ የጉልበት ሠራተኛ የነበሩት ዶክተር ኮይቪስቶ የወረሱትን ሥልጣን ከማስፋት ይልቅ ማሳነሱን መረጡ። በ1991 በወጣው ማሻሻያ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንዲመርጥ፣ አንድ ሰውም በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ ተደነገገ። እሳቸውም በ1994 ወጡ። ቀጥለው የመጡት ማርቲ አህቲሳሪ በካሬሊያዋ ቪፑሪ ተወልደው በጦርነት የተፈናቀሉ ልጅ ነበሩ፤ ለፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ አልወዳደርም ብለው በአንድ ዘመን አበቁ። የ2008 የኖቤል የሰላም ሽልማት የደረሳቸው ከመንበሩ ከወረዱ በኋላ፣ እንደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ ላሉ ግጭቶች ሽማግሌ ሆነው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2000 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል በዚያው ዕለት ታርያ ሃሎነን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ገቡ። መንግሥት መመሥረት የምክር ቤቱ ሆነ፤ የውጭ ፖሊሲም ፕሬዚዳንቱ ከመንግሥት ጋር ተባብረው የሚመሩት ሆነ።

በወረቀት የቀለለው መንበር ግን አደጋ ሲቀርብ እንደገና ይከብዳል። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር የፊንላንድ ሕዝብ ዓይን ወደ ሳውሊ ኒኒስቶ ዞረ። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የኔቶን አባልነት የሚደግፈው መግለጫ የወጣው በፕሬዚዳንቱና በጠቅላይ ሚኒስትር ሳና ማሪን በጋራ ነው፤ ምክር ቤቱም በ188 ለ8 አጸደቀው። ፊንላንድ ሚያዝያ 4 ቀን 2023 አባል ሆነች። ኬኮነን ብቻቸውን ኖቮሲቢርስክ በሄዱበት ዓይነት ጉዳይ አሁን ተቋማት አብረው ወሰኑ። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ የነበሩት ኒኒስቶ በመጋቢት 2024 ዘመናቸው ስላለቀ ወጡ። በ1973 ልዩ ሕግ ያስወጣው ዓይነት ስጋት በ2024 ልዩ ሕግ አላስወጣም።

ስለ ተሸናፊዎችም አንድ ቃል ይገባል፤ ሳይገቡ መውጣትም መውጣት ነውና። ስቶልበርግ በ1931፣ ፋገርሆልም በ1956 በሁለት ድምፅ ተሸንፈው ውጤቱን ተቀበሉ። በ2021 በአውሮፓ ኅብረት ተልእኮ አዲስ አበባ በመምጣታቸው ኢትዮጵያውያን የሚያውቋቸው ፔካ ሃቪስቶ ሦስት ጊዜ ተወዳድረው በ2024 በአሌክሳንደር ስቱብ 51.6 ለ48.4 ከመቶ ተረቱ፤ እሳቸውም ተቀበሉ። የአሸናፊውን መንበር ሕጋዊ የሚያደርገው የተሸናፊው እሺታ ነው።

ከ13ቱ መካከል የሚበልጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ወደ ኬኮነን ወይም ወደ ማነርሃይም ይወስዳል። እኔ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። ስቶልበርግ ለርዕሰ ብሔሩ ሰፊ ሥልጣን ሲጽፉ ስለ መውጫው በሕጉ ውስጥ አንዲት መስመር አላስገቡም፤ መስመሯን በ1925 ወደ ቤታቸው በመሄድ ጻፏት። ፊንላንድ ያችን መስመር ሕግ አድርጋ ለማስፈር 66 ዓመት ፈጀባት። በመካከሉ አንድ ሰው በባቡር ጣቢያ ወደቀ፣ አንዱ ስለ ቃሉ እስር ቤት ገባ፣ አንዱ ደግሞ ሕመም እስኪያወርደው ቆየ። የዛሬው ሕግ አጭር ነው፦ ሁለት ዘመን። አጭርነቱ የተገዛው በእነዚህ ሁሉ መሰናበቻዎች ነው።