ደረቅ መጸው ላይ የአጋዘን ማሳን በተረከዝ መመዘን

የላመ አፈር አይቶ «ማሳ ማለት ይህ ነው!» የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ለአደን ብሎ መሬት የገዛ ሁሉ ሴፕቴምበር ሲገባ አጋዘን የሚስብ ማሳ ሊዘራ ትራክተር ያስመጣና ቀዩን ሸክላ በዲስክ ደጋግሞ ያስከሰክሳል። ጓል የሚባል አይቀርም። ባለመሬቱ ዳር ቆሞ ፎቶ ያነሳል፣ ጎረቤቱ ያደንቃል፣ ሥራውን የሠራው ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ኦክቶበር ጠብ ሳይል ያልፍና ማሳው ገላጣ ይቀራል፤ ያኔ ሁሉም ሰማዩን ይወቅሳል። ኦክቶበር በጆርጂያ በአብዛኛው ከዓመቱ ወራት ደረቁ እንደሆነ ግን ማንም ያውቃል። እኔ የምወቅሰው ያንን የተወደሰ አፈር ነው።

ስለ አፈር ምርመራ፣ ስለ ኖራና ስለ ማዳበሪያ እዚህ አልጽፍም። አፈሩን ሳያስመረምር ዘር የሚገዛ ሰው ገና ለዚህ ወግ አልደረሰም። ዘርም ቢሆን በከረጢቱ ላይ በተሣለው ቀንዳም አጋዘን አይመረጥም። መለያ ወረቀቱን አንብቡ፦ የብቅለቱ መቶኛ፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የባዕድ ነገሩ መጠን። ሽፋን የተለበጠለት የክሎቨር ዘር ከክብደቱ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላል። ራይግራስ የበዛበት ቅይጥ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱን እዚያው ሱቁ ተዉለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዝናብ በጠፋበት መጸው ጥሩ ማሳና መጥፎ ማሳ የሚለዩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ አፈሩ ዘሩ ከመበተኑ በፊትም ከተበተነ በኋላም ተጠቅጥቋል ወይ? መልሱን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። ማሳው ውስጥ ግቡና እንደ ወትሯችሁ ተራመዱ፤ ከዚያ ዞር ብላችሁ ዱካችሁን እዩ። የጫማችሁ ተረከዝ ከግማሽ ኢንች በላይ ካልሰመጠ፣ የሶሉ ቅርጽ ጥርት ብሎ ከታተመ፣ ማሳው ዘር መቀበል ይችላል። እግራችሁ ሰርጎ አፈሩ የጫማችሁን አፍ ከነካ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም። ያን ማሳ የሚያደንቅ ሰው ማሳ አያውቅም፤ ይህን ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ምክንያቱን ልዘርዝር። ዘር የሚጠጣው ከሚነካው አፈር ነው። ቀይ አበባ ያለው ክሪምሰን ክሎቨር በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ300,000 የሚበልጥ ፍሬ አለው፤ ነጩ ክሎቨር ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ያላነሰ። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር ከሩብ ኢንች በላይ ከጠለቀ ብርሃን ሳያይ ስንቁ ያልቅበታል። ልል አፈር ላይ ስትበትኑት አንዱ ወደ ታች ይሰርጋል፣ አንዱ በአፈሩ መካከል ባለ ባዶ ቦታ ተንጠልጥሎ አየር ብቻ ይነካል። ከሥር ያለው እርጥበት ወደ ላይ የሚሳበው ደግሞ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ነው። አፈሩ ሲልል መተላለፊያው ይቋረጣል፤ ከላይ ያለው ሁለት ሦስት ኢንች በአንድ ነፋሻ ከሰዓት ይደርቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትንሽ ካፊያ ነው። ካፊያው ዘሩን ያነቃዋል፣ ሥሩ ብቅ ይላል፣ ከሥር የሚጠጣው ያጣል፣ ይሞታል። ገዢው ግን «ዘሩ አሮጌ ነበር» ብሎ ሻጩን ሊከስ ይሄዳል።

ያላመነኝ ሰው ኖቬምበር ላይ የከሸፈ ማሳ ሄዶ ይመልከት። መላው ማሳ ቀይ ሆኖ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ሁለት አረንጓዴ መስመሮች ይታያሉ፤ የትራክተሩ ጎማ የሄደባቸው ናቸው። አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ይህን አይቶ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ዘር ተደፍቶ ይሆናል» አለኝ። ቢላዬን ሰጠሁትና አንዴ ከመስመሩ ውስጥ፣ አንዴ ከመስመሩ ውጭ እንዲቆፍር አደረግሁት። ከውጭ ያለው እስከ ጣቱ ሁለተኛ አንጓ ድረስ አቧራ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። ከውስጥ ያለው ገና ከጥፍሩ ሥር ጠቆር፣ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ሲጨብጠውም ያዘ። የክሎቨሩ ሥር ቀጥ ብሎ ወደዚያ ጥቁረት ወርዷል። ያው ዘር፣ ያው ቀን፣ ያው ሰማይ። ያው ልጅ ዛሬ አፈር የሚጠቀጥቅ ሮለር ሳይዝ ከቤት አይወጣም።

ለእኔ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አገር ቤት፣ አድዓ ላይ፣ አጎቴ የጤፍ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ያርሳል፤ ካረሰ በኋላ ግን እንዲያው ልል አድርጎ አይተወውም። ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ ጎረቤቶቹ ከብቱንም አህያውንም ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ልጆቹ ከኋላ እየጮህን ከዳር እዳር እንነዳለን። መሬቱ እስኪረግጥ፣ ገጹ እስኪረጋ፣ አረሙም ጭቃ ውስጥ እስኪቀበር። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይጫነዋል፤ መዳፉ ከሰመጠ «አንዴ ድገሙት» ይላል፣ ካልሰመጠ ዘሩን ይበትናል። የጤፍ ዘር በኪሎ ሦስት ሚሊዮን ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ዘር ልል አፈር ላይ የሚጥል ገበሬ በአካባቢያችን አልነበረም፤ ቢኖርም ልጁን የሚድርለት አያገኝም። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ገብተው የወጡ ሰዎች ይህን እንደ ምስጢር ስነግራቸው ሲደነቁ ይገርመኛል።

«ዝናቡ ይጠቀጥቅልናል» የሚል መልስ ሁሌ ይመጣል። ዝናብ በሚመጣበት ዓመት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጸው ሰሜን ጆርጂያ ድርቁ ከሁሉ የከፋው ደረጃ ላይ ደርሶ በኮሁታ ጫካ የተነሳው እሳት ከ27,000 ኤከር በላይ በላ። በ2019 ደግሞ ሴፕቴምበር ሙቀቱ አልበርድ ብሎ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት አደረቀው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አረንጓዴ ሆነው ያየኋቸው ማሳዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ፦ አንዱ በሮለር የተጠቀጠቀው፤ ሌላው ጭራሹን ያልታረሰው፣ የበጋው አረም ተረጭቶ ወይም ታጭዶ በላዩ የተኛው። ስለዚህ በደረቅ ዓመት ለመጠቅጠቅ ካላሰባችሁ አትረሱ። ዲስኩ በገባ ቁጥር እርጥበት ይወጣል፤ ያወጣችሁትን የሚመልስ ሰማይ የለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። መጠቅጠቅ ማለት እንደ ጡብ ማድረቅ አይደለም። ሸክላው ጭቃ ሳለ ሮለር ከገባ ገጹ ይለሰንና ሲደርቅ ቡቃያ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሆናል። ዓመታት ሙሉ መኪና ሲመላለስበት የኖረ መሬትም ከሥሩ ደድሮ ሥር አያስገባም። ቀጭን ብረት ወደ መሬቱ ግፉ፤ የመጀመሪያው ኢንች ጠንከር ብሎ ከዚያ በታች ያለችግር ከገባ ደህና ነው።

ይህን ሁሉ እዚህ አገር ያስተማሩኝ ከአቴንስ ከተማ ወዲያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ ሲያረጁ ለአደን ክለቦች ማሳ ያዘጋጁ ነበር። ሮለራቸው ባለ ብረት ቀለበት፣ ከእሳቸው ዕድሜ የማያንስ ነበር። ስንዴውንና ራይ የሚባለውን እህል መጀመሪያ ይዘሩና በቀላሉ አንድ ኢንች ያህል ያለብሱታል፤ ከዚያ ይጠቀጥቃሉ። ክሎቨሩን በእጅ በሚዞር መበተኛ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ይበትኑና እንደገና ይጠቀጥቃሉ። ከሁለተኛው በኋላ ክሎቨሩ ከሮለሩ ጥርስ በቀረው ቦይ ውስጥ ተሰልፎ በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ ሰዎች «ዘሩ እኮ ላይ ቀርቷል፣ አፈር አልብሱት» ሲሏቸው አንድ ቃል አይመልሱም፤ ሞተሩን አጥፍተው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ደረቅ ሲመስላቸው አጃውን ትተው ራይ ያበዙ ነበር፤ ራይ በትንሽ እርጥበት ይነሳል። እኔም እስከ ዛሬ በደረቅ ዓመት አጃ ብቻውን አልዘራም፤ የሚዘራውንም አላከብርም።

ሌላው ሁሉ በአጭሩ ያልቃል። ቶሎ በተዘራ ስንዴ ላይ ተምች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ገብቶ በቆሎ የፈጀው መጤ ተምች ያው የዚህ አገር ትል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ገልጣችሁ እዩ። የባሉጥ ፍሬ በበዛበት ዓመት አጋዘን ኦክቶበር ላይ ማሳ አይረግጥም፤ ስለዚህ «አጋዘን አልመጣም» ብላችሁ ማሳውን አትንቀፉ። ማሳው መሃል ትንሽ የሽቦ አጥር አቁሙ። በውስጡ ረዝሞ በውጭ ካጠረ እየበሉት ነው፤ በውስጥም በውጭም ገላጣ ከሆነ ዱካችሁን ሄዳችሁ እዩ።

ማሳ የሚያዘጋጅ ሰው ስትቀጥሩ ስለ ትራክተሩ የፈረስ ጉልበት አትጠይቁት። «ዘሩን ከበተንክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። «ቅርንጫፍ ጎትቼ አለብሰዋለሁ» ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። «እጠቀጥቃለሁ» ካለ ሮለሩን ያሳያችሁ። ሮለር ባይኖረው እንኳ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን ዱካውን ከዱካው እያስጠጋ በማሳው ሁሉ ላይ ይንዳው፤ ግማሽ ኤከር ለሆነ ማሳ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሒሳቡን የምትከፍሉት እናንተ ራሳችሁ በማሳው መሃል ከተራመዳችሁ በኋላ ይሁን።