በኢጣልያዊ ስም የተጻፈ የአውስትራልያ ቀልድ

በ1957 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ «ዜይር ኤ ዊርድ ሞብ» የተባለ መጽሐፍ ታተመ፤ ርእሱን «ጉደኞች ናቸው» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። በሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም ኒኖ ኩሎታ ነው። ባለታሪኩም ይኸው ኒኖ ሲሆን፣ ከሰሜን ኢጣልያ ስለ አውስትራልያ እንዲጽፍ ተልኮ የግንበኛ ረዳት ሆኖ ይሠራል። እውነተኛው ደራሲ ግን ጆን ኦግሬዲ የሚባል አውስትራልያዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ከወንድሙ ጋር በ10 ፓውንድ ተወራርዶ ነው ይባላል።

ቀልዱ በእውነት ያስቃል። በእንግሊዝኛ «ሻውት» ማለት መጮኽ ነው፤ በአውስትራልያ መጠጥ ቤት ግን ለባልንጀሮች መጠጥ መጋበዝ ማለት ነው፤ ተራው የደረሰ ሰው ሳይጋብዝ ቢወጣ ትልቅ ነውር ይሆንበታል። ኒኖ «ተራህ ነው፣ ጩኽ» በተባለ ጊዜ የሚጮኽበትን ምክንያት ይጠይቃል። እንግሊዝኛን እንደ ኒኖ ከመጽሐፍ ለተማርን ለእኛ ይህ ቦታ ከሳቅ ይልቅ ኀዘኔታ ያሳድርብናል። ኦግሬዲ ጆሮው ጥሩ ነው፤ የጎዳናውን ንግግር ሳያስተካክል እንደ ሰማው ይጽፈዋል።

በ1965 አላስቴር ሞሪሰን «ሌት ስቶክ ስትራይን» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ አነጋገር ይዞ ተጫወተ። የነገሩ መነሻ በ1964 ነበር። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሞኒካ ዲከንስ በሲድኒ መጽሐፍ ስትፈርም አንዲት ሴት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ብትጠይቃት፣ «ኤማ ቺዚት» የሚል ስም የነገረቻት መስሏት መጽሐፉ ላይ ጻፈችው ይባላል። እዚህ ላይ ግራ የተጋባችው የቋንቋው ባለቤት ነኝ ባይ ናት፤ ስለዚህ ቀልዱ ማንንም አይጎዳም።

የኦግሬዲ ቀልድ ግን እንዲህ አይደለም። ኒኖ መልኩ ቀላ ያለ የሰሜን ሰው ነው፤ የደቡብ ኢጣልያን ሰዎች ይንቃል። በመጨረሻም ለመጤዎች ሁሉ የአገራቸውን ቋንቋና ልማድ ይዘው እርስ በርሳቸው መሰባሰባቸውን እንዲተዉ ይገሥጻቸዋል። ይህን መጤው ራሱ ቢናገረው ምክር ይባል ነበር። ባላገሩ የመጤን ስም ለብሶ ሲናገረው ግን ትእዛዝ ነው እንላለን።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የአገሩ ሕግ ነው። በ1901 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሥልጣኑ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት እያነበበ መጤውን እንዲያስጽፈውና የወደቀውን እንዲመልሰው ይፈቅድ ነበር፤ ዋናው ዓላማም ነጭ ያልሆኑትን መከልከል ነው። በ1934 ብዙ ቋንቋ የሚያውቀውን ጋዜጠኛ ኤጎን ኪሽን ለመጣል በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈተናውን ሻረው። ፈተናው የቀረው በ1958 ነው። እንግዲህ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የቋንቋ ፈተና ገና ሕግ ነበር፤ አንባቢው ግን በገጾቹ ውስጥ የዚህን ጥላ እንኳ አያይም። ይህን ጉድለት የቀልድ መጽሐፍ ነውና ብለን ልናልፈው አንችልም፤ ርእሰ ነገሩ ቋንቋና መጤ ነውና።

በ1966 ማይክል ፓወል መጽሐፉን ወደ ፊልም መለሰው። ኒኖን የተጫወተው በቬሮና የተወለደው ዋልተር ኪያሪ ስለ ሆነ፣ በገጹ ላይ የጠፋው ኢጣልያዊ ድምፅ በዚህ ይሰማል። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ደግሞ በሀንጋሪ የተወለደውና እንግሊዝኛን በጉልምስና የተማረው ኤመሪክ ፕረስበርገር ነበር፤ ስሙ ግን ሪቻርድ ኢምሪ ተብሎ ተጻፈ።