የመልስ መዝሙር

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው ምእመናን ሲያስተናብሩ፣ ለደከመው ውኃ ሲያቀርቡ፣ አረጋውያንን ደግፈው ዳገት ሲያወጡ የሰነበቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን መዝሙር በመልስ ጉዞ መስማት ነው። ሲሄዱማ ማን የማይዘምር አለ? ጉልበቱም ድምፁም ትኩስ ነው። በመልሱ ግን ጉሮሮ ተዘግቷል፣ ነጠላው አቧራ ጠጥቷል፣ ጉልበት የአምባውን ቁልቁለት አልረሳም። ከበሮው ግን አያርፍም። እኔን የሚገርመኝ ይኸው ነው።

አውቶቡሱ ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲገባ መንገድ ዳር ያሉ እናቶች በእልልታ ይቀበሉታል። ወራጅ ሲኖር መዝሙሩ ለአፍታ ይገታል፤ ልጁ ለእናቱ የያዘውን ጸበል በሃይላንድ፣ እምነቱን በላስቲክ አንጠልጥሎ፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» እየተባለ ይወርዳል። ከዚያ መርሳ፣ ከዚያ ወልድያ። ሰው በቀነሰ ቁጥር የቀሩት ጮክ ብለው የጎደለውን ድምፅ ይሞላሉ። ለዜማው ውበት ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰዓት ብዙም አያምርም፤ ቢሆንም ከልምምድ አዳራሹ ጥርት ያለ ዝማሬ ይህን እመርጣለሁ።

መስከረም ማገባደጃ ላይ በዚያ መንገድ የምትነዱ ሾፌሮች፣ ነጭ የለበሱ ልጆች የጫነ አውቶቡስ ካገኛችሁ እባካችሁ ቅድሚያ ስጡት።